በአንድ አገር ሆድ ውስጥ ያለች መንግሥት

ተማሪ ሳለሁ የአፍሪካን ካርታ በእጃችን እንድንሥል በታዘዝን ቁጥር የምትረሳኝ አንዲት አገር ነበረች። የባሕሩን ጠርዝ ጨርሼ፣ ድንበሮቹን አገናኝቼ፣ ደብተሬን ላስረክብ ስል ደቡብ አፍሪካ መካከል የምትቀመጠው ትንሽ ክብ ትዝ ትለኝና እንደ ነገሩ አዙሬ «ሌሶቶ» ብዬ እጽፍባታለሁ። ካደግሁ በኋላ ስለዚህች አገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርሁት ምናልባት ያንን የልጅነት ዕዳ ለመክፈል ይሆናል። ንባቡ ሲጠራቀም አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። የሌሶቶ የሆነውን ሁሉ፣ ገንዘቧን፣ ውኃዋን፣ የወንዶቿን ጉልበት፣ የመንግሥቷን ገቢ አንድ በአንድ ብንዘረዝር የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ ደቡብ አፍሪካ እጅ ውስጥ ይገኛል። ይሁንና ይህን እንደ ድክመት ብቻ የሚያዩትን ጸሐፊዎች አልከተልም፤ አገሪቱ ከነንጉሧ እስከ ዛሬ የቆየችው ጥገኝነትን እንደ አንድ ሙያ ስለተማረችው ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዙሪያቸውን በአንድ ሌላ አገር ብቻ የተከበቡ ነጻ መንግሥታት በዓለም ላይ ሦስት ናቸው፤ ቫቲካንና ሳን ማሪኖ በኢጣልያ፣ ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ። ሁለቱ በእግር የሚዞሩ ናቸውና በእውነት አገር የሚያክለው ሌሶቶ ብቻ ነው፤ ስፋቱ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መሬቱ በሙሉ ደጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዝቅተኛው ቦታ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ ታባና ንትሌንያና የተባለው ተራራ ደግሞ 3,482 ሜትር ደርሶ የደቡባዊ አፍሪካ ከፍተኛው ጫፍ ሆኗል። በሰኔና በሐምሌ ክረምታቸው ስለሆነ ተራራው በረዶ ይለብሳል። ሊታረስ የሚችለው መሬት ከመላው የአገሪቱ ስፋት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚገኘው በምዕራብ በኩል በካሌዶን ወንዝ አጠገብ ባለው ጠባብ ቆላ መሰል ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ይህንንም ጎርፍ እየሸረሸረ በየዓመቱ ሸለቆ ያደርገዋል።

የሌሶቶን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ስፈልግ ከብርድ ልብስ እጀምራለሁ። የሌሶቶ ሕዝብ ባሶቶ ይባላል፤ አንዱ ሰው ሞሶቶ፣ ቋንቋው ሴሶቶ ነው። ሞሶቶ ብርድ ልብሱን አልጋ ላይ አይተወውም፤ ለብሶት ይወጣል። እረኛው ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ሙሽራይቱ በሠርጓ ቀን፣ ንጉሡም በዘውድ በዓላቸው ይለብሱታል። ወንዱ ትከሻው ላይ፣ ሴቷ ደረቷ ላይ በትልቅ መርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች፤ በጨርቁ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እንዳይሆኑ ይጠነቀቃሉ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር የእድገት ምልክት ነውና። ከተወደዱት ጥለቶች አንዱ የበቆሎ እሸት ሥዕል ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1860 አንድ አውሮፓዊ ነጋዴ ለንጉሥ ሞሽዌሽዌ ብርድ ልብስ በስጦታ ካበረከተላቸው ጊዜ ነው ይባላል፤ ንጉሡ ነብር ቆዳቸውን ትተው እሱን ደረቡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ይህ የብሔራዊ ማንነት ምልክት የሆነ ልብስ ግን ሌሶቶ ውስጥ አይሸመንም። የሚሠራው ድንበር ተሻግሮ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን የአገሪቱ ታሪክ በሙሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ተጽፎ እንዳገኘሁት ቆጠርሁት።

አገሪቱን የመሠረቱት እኒሁ ቀዳማዊ ሞሽዌሽዌ ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአካባቢው በተነሣው ጦርነትና ረሃብ ጎሳዎች ሲበታተኑ፣ በ1824 ታባ ቦሲዩ፣ ማለትም «የሌሊት ተራራ» የተባለውን አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ያዙና የመጣውን ስደተኛ ሁሉ ተቀበሉ። ባሶቶ እስከ ዛሬ የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። በዚያ የረሃብ ዘመን የንጉሡን አያት የገደሉና የበሉ ሰዎች ተይዘው ሲመጡ፣ ተከታዮቻቸው ይሙቱ አሉ፤ ሞሽዌሽዌ ግን እነዚህ የአያቴ መቃብር ናቸው፣ መቃብርን አላፈርስም ብለው መሬትና ከብት ሰጥተው አሰፈሯቸው። ትረካው ከቃል ወደ ቃል ሲሻገር ምን ያህል እንደተዋበ መገመት አያዳግትም፤ ቢሆንም የሰውዬውን የአገዛዝ ዘዴ በትክክል ያሳያል። በ1852 የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባቸው መጥቶ ሳይቀናው ሲቀር ድሉን ከማወጅ ይልቅ በዚያው ሌሊት በሚስዮናውያኑ እጅ ደብዳቤ አስጽፈው፣ እስካሁን የቀጣችሁን ይበቃናል፣ ሰላም አድርጉ የሚል ልመና ላኩ። የአሸናፊ ሰው ልመና! ጄኔራሉም ክብሩ ሳይነካ ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ።

ከቦየሮቹ፣ ማለትም ከኦሬንጅ ነጻ ግዛት ነጮች ጋር የነበረው ጦርነት ግን በደብዳቤ የሚቆም አልነበረም። ከ1865 ጀምሮ በተደረገው ውጊያ ሞሽዌሽዌ ከካሌዶን ወንዝ ምዕራብ ያለውን ለም የእህል አገር አጡ። ሁሉም ነገር ሳይወሰድ ለእንግሊዝ ንግሥት ጥበቃ አመለከቱ፤ አገሬ ብርድ ልብስሽ ነው፣ ሕዝቤም በውስጡ ያለ ቅማል ነው አሉ ይባላል። በ1868 ጥበቃው ተሰጠ፤ በ1869 በተደረገው ስምምነት ድንበሩ ዛሬ ባለበት ተወሰነ፤ ንጉሡ በ1870 አረፉ። ለም መሬቱ ከማዶ ቀረ፤ ተራራው ለባሶቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ አገሪቱን በዛሬይቱ ደቡብ አፍሪካ ለነበረው ለኬፕ ቅኝ ግዛቷ አሳልፋ ብትሰጥም፣ ባሶቶ ጠመንጃችሁን አስረክቡ በተባሉ ጊዜ እንቢ ብለው በ1880 እና 1881 ተዋጉ፤ ኬፕም ሰልችቷት በ1884 ለለንደን መለሰቻቸው። ያ እንቢታ ባይኖር ሌሶቶ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ አውራጃዎች አንዷ ትሆን ነበር። ነጻነቷን ያገኘችው ኦክቶበር 4 ቀን 1966 ነው።

ስለ ሕዝቡ ቁጥር ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። በ2016 የተካሄደው ቆጠራ 2,007,201 ሰው መዘገበ፤ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ አለፍ ያለ ሕዝብ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ባሶቶ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴሶቶ ተናጋሪ፣ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። የብሔርና የቋንቋ ጠብ የሚባል ነገር የለም፤ ፖለቲካው ግን በዚህ ምክንያት የሰከነ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ሕዝቡ የሚኖርበት መንገድ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሌሶቶ ወንዶች ዋና ሥራ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከመሬት በታች ወርቅ መቆፈር ነበር። በ1990 አካባቢ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ባሶቶ በማዕድን ጉድጓዶቹ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ሕዝቡ ያን ጊዜ 2 ሚሊዮን እንኳ እንዳልሞላ አስቡት። ከደመወዛቸው የተወሰነው በግዴታ ተቆርጦ ሌሶቶ ባለ ባንክ ይቀመጥ ስለነበር መንግሥትም ከዚያ ይጠቀም ነበር። የወርቁ ዘመን ሲያበቃ ሠራተኞቹ ተቀነሱ፤ ከዚያ ሠራዊት የቀረው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ይዘው የተመለሱት ጡረታ ሳይሆን በድንጋይ አቧራ የተበላ ሳንባ ነው፤ በ2019 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት የወርቅ ኩባንያዎቹ ለታመሙ የማዕድን ሠራተኞች ካሣ እንዲከፍሉ የተደረሰውን ስምምነት ሲያጸድቅ ከተጠቃሚዎቹ መካከል የሌሶቶ ሰዎች በብዛት ይገኙበት ነበር። ማዕድኑ ቢቀርም ስደቱ አልቀረም፤ ዛሬ የሚሻገሩት ለእርሻ፣ ለግንባታና ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል።

ወንዶቹ ሲሄዱ አገሪቱን ያቆሙት ሴቶች ናቸው። ቤቱን የሚመሩት፣ ማሳውን የሚያሳርሱት፣ ልጁን የሚያስተምሩት እነሱ ሲሆኑ ሕጉ ግን እስከ 2006 ድረስ ያገባችን ሴት እንደ ሕፃን ይቆጥራት ነበር፤ ባሏ ሺህ ሜትር ከመሬት በታች እያለ እሷ ያለ እሱ ፊርማ ከባንክ መበደር አትችልም ነበር። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ወንዱ በልጦ ሲገኝ በሌሶቶ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ምክንያቱ የሴቶች መብት መከበር አይደለም፤ ከብት ነው። ወንድ ልጅ ገና በስድስትና በሰባት ዓመቱ በግና ፍየል ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ በበጋው ግጦሽ ቦታ በድንጋይ በታጠረች ጎጆ ውስጥ ወራት ያሳልፋል፤ እኅቱ ግን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በ2000 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ደረጃ በደረጃ በነጻ እንዲሆን መደረጉ ነገሩን አሻሽሎታል፤ አላጠፋውም።

ኤች አይ ቪን ሳይጠቅሱ ስለዚህ ሕዝብ መጻፍ አይቻልም። ከአምስት ዐዋቂዎች አንዱ ገደማ ቫይረሱ በደሙ ይገኛል፤ ይህም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ነው። ባልና ሚስትን ለዐሥራ አንድ ወር የሚለያየው የማዕድን ሥራ ለስርጭቱ ዋና መንገድ እንደነበር ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሕክምናው በስፋት ከተዳረሰ ወዲህ ሞቱ ቢቀንስም፣ መድኃኒቱ በአብዛኛው በውጭ ርዳታ፣ በተለይም በአሜሪካ ገንዘብ ላይ የቆመ ስለነበር በ2025 ርዳታው በድንገት ሲቆረጥ ክሊኒኮቹ ተናግተዋል።

ወደ አገዛዙ ልምጣ። ሌሶቶ ሕገ መንግሥታዊ ንጉሣዊ አገር ናት፤ ንጉሡ ይነግሣሉ እንጂ አይገዙም። ዛሬ በዙፋኑ ላይ ያሉት የሞሽዌሽዌ ዘር የሆኑት ሣልሳዊ ሌትሲዬ ናቸው። የ1993ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለፓርላማው ሲሰጥ፣ መሬቱ ግን በአደራ በንጉሡ ስም የሕዝቡ ሆኖ ይቀራል። ሌላዋን ትንሽ የአፍሪካ ንጉሣዊ አገር ኤስዋቲኒን ከጎኗ ብናስቀምጥ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ በዚያ ንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ራሳቸው ይሾማሉ፣ ፓርቲ ለምርጫ አይቀርብም፣ ሚስቶቻቸውም ብዙ ናቸው። ሌትሲዬ አንድ ሚስት ብቻ አላቸው፤ በጋዜጣ ላይ የሚታዩትም ብዙ ጊዜ ፈረስ ላይ ወይም ስለ ሕፃናት ምግብ ሲናገሩ ነው።

ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የታችኛው 120 መቀመጫ ሲኖረው፣ የላይኛው የ33 ሰው ሴኔት ነው፤ ከእነዚህ 22ቱ የትልልቆቹ ግዛቶች ባላባቶች ናቸው፣ መቀመጫውን ከአባታቸው ይወርሳሉ፤ 11ዱን ንጉሡ በምክር ይሾማሉ። የባላባትነት ነገር በዋና ከተማዋ በማሴሩ የጌጥ ጉዳይ ቢመስልም ገጠር ውስጥ የዕለት ኑሮ ነው። ላሙን ሊሸጥ የፈለገ ገበሬ ከብቱ የተሰረቀ ሳይሆን የራሱ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት የሚያገኘው ከመንደሩ አለቃ ዘንድ ነው፤ ያለዚያ ወረቀት ላሟ መንገድ ላይ ትያዛለች። ወረቀቱን «ቤዊስ» ይሉታል፤ ማስረጃ ማለት ነው፣ ቃሉም የቦየሮቹ የአፍሪካንስ ቃል ነው። የትኛው ሜዳ ለግጦሽ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስነውም ይኸው አለቃ ነው። ሴት ልጅ ግን ይህን ወንበር መውረስ አትችልም። ባሏ የሞተባት ሚስት ልጁ እስኪያድግ ልትይዘው ትችላለች፤ ከ1941 ጀምሮ ለ19 ዓመታት አገሪቱን በእንደራሴነት የመሩት ንግሥት ማንትሴቦም ይህንኑ ነበር ያደረጉት፤ በ2013 ግን አንዲት የባላባት የበኩር ሴት ልጅ ርስቴን ልውረስ ብላ ስትከስስ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አልፈቀደላትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሴት የተመራ አገር ይህን ሲወስን ማየት ያስተዛዝባል።

የነጻነቱ ዘመን ፖለቲካ የተረጋጋ አልነበረም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያቡዋ ጆናታን በ1970 ምርጫ መሸነፋቸውን ሲያዩ ውጤቱን ሰርዘው ሕገ መንግሥቱን አገዱ፤ ንጉሡን ዳግማዊ ሞሽዌሽዌን ለጊዜው ወደ ውጭ ሰደዱ። በኋላ ላይ የአፓርታይድ ተቃዋሚ ስደተኞችን በማስጠጋታቸው ከፕሪቶሪያ ጋር ተቃቃሩ። ዲሴምበር 1982 የደቡብ አፍሪካ ኮማንዶዎች ሌሊት ማሴሩ ገብተው 42 ሰዎች ገደሉ፤ ከእነዚህ 12ቱ የሌሶቶ ዜጎች ነበሩ። ከዚያ የመጣውን ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ማየት ይሻላል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ደቡብ አፍሪካ ድንበሩን ዘጋች፤ ነዳጅም ምግብም የሚገባበት ሌላ በር የለም። ጃንዋሪ 20 ጄኔራል ጀስቲን ሌካንያ መንግሥቱን ገለበጡ፤ እገዳውም ተነሣ። ኦክቶበር 24፣ በዚያው ዓመት፣ የሌሶቶን ውኃ ለደቡብ አፍሪካ የሚሸጠው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጠና የቆየው የውኃ ውል ተፈረመ። መፈንቅለ መንግሥቱ ለውኃው ሲባል ተደረገ የሚለው አባባል ይበዛል ብዬ ባስብም፣ በሦስት ሳምንት ረሃብ የሚወድቅ መንግሥት ላይ የድርድር ጠረጴዛው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ወታደሮቹ በ1990 ንጉሡን ከዙፋን አውርደው ልጃቸውን ሌትሲዬን አነገሡ። ልጁም በ1994 የተመረጠውን መንግሥት በትነው በጎረቤት መሪዎች ግፊት ከመለሱ በኋላ፣ በ1995 ዙፋኑን ለአባታቸው አስረከቡ፤ አባት ግን ዓመት ሳይሞላቸው በተራራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቱና ልጅ በ1996 ዳግመኛ ነገሡ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መንገሡ፣ በመካከሉም ለአባቱ መልቀቁ፣ ከታሪክ ብዙ ምሳሌ የሚገኝለት ነገር አይመስለኝም። በ1998 ምርጫ ገዢው ፓርቲ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ሲወስድ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ሳድክ በተባለው የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የልማት ማኅበር ስም ገባ፤ የማሴሩ መሐል ከተማም ተዘርፎ ነደደ። የገባው ጦር በመጀመሪያ ሰዓታት ከያዛቸው ቦታዎች አንዱ በዚያ የውኃ ውል መሠረት በተራራው ላይ የተሠራው የካትሴ ግድብ ነበር፤ በዚያም የሌሶቶ ወታደሮች ተገድለዋል። ከዚህ በኋላ የምርጫው ሥርዓት ተለውጦ 80 መቀመጫ በወረዳ፣ 40 ደግሞ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ እንዲከፋፈል ተደረገ። አንዱ ሁሉን የሚጠቀልልበት በር ተዘጋ፤ በምትኩ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ጥምር መንግሥታት መጡ፦ 2012፣ 2015፣ 2017። በመካከሉ ሁለት የጦር አዛዦች ተገደሉ፤ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ተለያይተዋቸው በነበሩት ሚስታቸው ግድያ ጉዳይ ስማቸው ተነሥቶ በ2020 ሥልጣን ለቀቁ። በ2022 የመጡት ሳም ማቴካኔ በአልማዝና በግንባታ የከበሩ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ምርጫው ሰባት ወር ሲቀረው ያቋቋሙት ፓርቲ 56 መቀመጫ አገኘ። የሰለቸው ሕዝብ ፖለቲከኛ ያልሆነ ሰው ይፈልጋል፤ ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም።

ኢኮኖሚውን ለመረዳት አንድ የማሴሩ ነጋዴ ሣጥኑን ሲከፍት ማሰብ ይበቃል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ የአገሩ ሎቲና የደቡብ አፍሪካ ራንድ፤ አንዱ በአንዱ፣ እኩል ለእኩል። ሎቲ ሲበዛ ማሎቲ ይሆናል፤ የተራሮቹም ስም ይኸው ነው። ገንዘቡ ከ1980 ጀምሮ ቢታተምም ዋጋው ከራንድ ጋር የታሰረ ነውና የወለዱ ነገር በተግባር የሚወሰነው ፕሪቶሪያ ነው። የሌሶቶ ሰው በራንድ ሌሶቶ ውስጥ ይገበያያል፤ በሎቲ ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዳቦ መግዛት ቀላል አይደለም።

የመንግሥቱ ካዝናም እንዲሁ ነው። ሳኩ የሚባለው የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት በ1910 የተመሠረተ፣ እስካሁን ካሉት በዓለም አንጋፋው ነው። አምስቱ አባል አገሮች የሚሰበስቡት ቀረጥ በአንድ ቋት ገብቶ በቀመር ይከፋፈላል። ለሌሶቶ የሚደርሳት ድርሻ በደህና ዓመት ከመንግሥት ገቢ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ችግሩ ክፍፍሉ በግምት ተሰጥቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚታረም መሆኑ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ገበያዋ ሲቀዘቅዝ ሌሶቶ አስቀድማ የበላችውን ትመልሳለች። በዚህ ገቢ ላይ ደግሞ ከአገሪቱ አቅም አንጻር እጅግ ብዙ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ቆሟል። ከማዕድኑ የተባረረው ወንድ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ወጣት፣ ሁሉም የሚያየው ያንን ቢሮ ነው፤ ፖለቲካው ይህን ያህል የሚጋለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከመንግሥት ውጭ ትልቁ አሠሪ የልብስ ፋብሪካ ነው። በ1980ዎቹ የታይዋን ባለሀብቶች መጡ፤ በ2000 አሜሪካ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን አጎዋን ስትፈቅድ ፋብሪካው ተስፋፋ፤ በጥሩው ዘመን ሠራተኛው 50 ሺህ አልፎ ነበር። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ማሴሩ ውስጥ ቴትሳኔ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ማለዳ ላይ በሮቹ ፊት ከሚሰለፉት መካከል ሥራ ያላቸውም፣ ምናልባት ዛሬ አንድ ሰው ቢጎድል ብለው የሚጠብቁም አሉ። ጂንስ ሱሪና የስፖርት ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ ይልካሉ። ኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቀረጥ ሠንጠረዣቸውን ሲያሳዩ ሌሶቶ 50 በመቶ ተጥሎባት ከዝርዝሩ አናት ላይ ተገኘች። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ አሜሪካ በ2024 ከሌሶቶ ወደ 237 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ስትገዛ፣ የሸጠችላት 3 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ሱሪ የምትሰፋ ሴት የአሜሪካ መኪና አለመግዛቷ እንደ ተንኮል ተቆጠረ። ከወር በፊት ደግሞ እኒሁ ፕሬዚዳንት በምክር ቤታቸው ፊት ማንም ሰምቷት የማያውቅ አገር ብለዋት ነበር። ቀረጡ በኦገስት ወደ 15 በመቶ ዝቅ ቢልም ትእዛዞች ተሰርዘው፣ ፋብሪካዎች ተዘግተው ነበር፤ መንግሥትም በወጣቶች ሥራ አጥነት ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ሁኔታ አወጀ። ጥገኝነቱን ከጎረቤት ወደ ሩቅ አገር ያዛወረ ብቸኛው ዘርፍ በአንድ ከሰዓት መናጋቱ ሊስተዋል የሚገባው ነው።

የበግና የፍየል ጠጉሩም ታሪክ ከዚህ ይቀራረባል። ሌሶቶ ሞሄር በተባለው የአንጎራ ፍየል ጠጉር ከዓለም ትልልቅ አምራቾች አንዷ ናት፤ ገበሬው ሲሸጠው የኖረው በደቡብ አፍሪካ ጨረታ ነው። በ2018 መንግሥት ጠጉሩ ሁሉ አገር ውስጥ ይሸጥ የሚል ደንብ አወጣ። ሐሳቡን ስሰማ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ውጤቱ ግን ክፍያ እየዘገየ ገበሬው ለወራት እጁን አጣጥፎ መቀመጡ፣ በመጨረሻም በሺዎች ሆኖ ማሴሩ ላይ መሰለፉ ሆነ፤ ደንቡም በኋላ ላላ። ከጎረቤት መላቀቅ በዐዋጅ አይሆንም።

አልማዙን ባጭሩ ላንሣ። በ1967 አንዲት ሴት ሌትሴንግ በተባለው 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ቦታ በእጇ ስትቆፍር 601 ካራት ድንጋይ አገኘች፤ እንዳይቀማቸው ፈርተው ከባሏ ጋር አራት ቀን በእግር ተጉዘው ማሴሩ ገቡ። ከዚያ ድንጋይ ከተቆረጡት አንዱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ባለቤት የነበሩት የዣክሊን ኦናሲስ የቃል ኪዳን ቀለበት ፈርጥ ሆነ። ዛሬ ቦታው የኩባንያ ማዕድን ሲሆን መንግሥት 30 በመቶ ድርሻ አለው፤ በ2018 የወጣው 910 ካራት ድንጋይ በ40 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ትልልቅ ድንጋይ እንጂ ብዙ ሥራ አይገኝበትም።

ሌሶቶ በእውነት የራሷ የሆነና ጎረቤቷ የሚለምናት ነገር ውኃ ነው። የካትሴ ግድብ ቁመቱ 185 ሜትር ነው። የታቆረው ውኃ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ፣ 45 ኪሎ ሜትር በተራራ ሆድ ውስጥ ሄዶ ሙኤላ ላይ 72 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከዚያም በሌላ 37 ኪሎ ሜትር ዋሻ ድንበሩን ከመሬት በታች አልፎ ወደ ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ያመራል። መብራቱ ለሌሶቶ፣ ውኃው ለደቡብ አፍሪካ ነው። ክፍያው የተሰላበት መንገድ ብልህነት አለበት። ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ውኃ ከራሷ ግዛት በታች በኩል በፓምፕ ብትስብ የምታወጣው ወጪ ተሰልቶ፣ ከዚያ ከምታተርፈው 56 በመቶው ለሌሶቶ ይሰጣል። በመፈንቅለ መንግሥት ዓመት ከተፈረመ ውል ይህን ያህል ማግኘት ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል፣ ማሳቸው የሰጠመባቸው ሰዎች ካሣ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ፣ በግድቡ ዙሪያ ያሉ ብዙ መንደሮችም ያንን ሁሉ ውኃ ከላይ እያዩ ከምንጭ ሲቀዱ ኖረዋል።

በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ለሌሶቶ የማደንቅላት አንድ ሥራ አለ። የፕሮጀክቱ ባለሥልጣን የነበሩት ማሱፋ ሶሌ ከውጭ ኩባንያዎች ጉቦ ተቀብለው ሲገኙ አገሪቱ ከሰሰቻቸው፤ በ2002ም ተፈረደባቸው። በዚህ ሳትቆም ጉቦ ሰጪዎቹን የካናዳና የጀርመን አማካሪ ኩባንያዎች ራሳቸውን ማሴሩ ፍርድ ቤት አቁማ አስቀጣች፤ የዓለም ባንክም በኋላ ከጨረታ አገዳቸው። ተቀባዩን ቀጥቶ ሰጪውን መሸኘት በተለመደበት ጊዜ የክሱን ወጪ መሸፈን እንኳ የሚከብዳት ትንሽ አገር ነች ይህን ያደረገችው። አሁን በሞኮትሎንግ አውራጃ ፖሊሃሊ የተባለ ሌላ ትልቅ ግድብ እየተሠራ ነው፤ ከእሱም 38 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ካትሴ ይገባል።

ይህ ሁሉ መተሳሰር ወዴት ያደርስ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ባሶቶ ራሳቸው በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይመልሱታል። በ2010 የሠራተኛ ማኅበራትና የመብት ተሟጋቾች ያሉበት አንድ ንቅናቄ ፊርማ አሰባስቦ ድንበሩ ቀርቶ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንዋሐድ አለ። በ2023 ደግሞ አንድ የፓርላማ አባል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወሰደው መሬት፣ የፍሪ ስቴትን አውራጃ በሙሉ ጨምሮ፣ ይመለስልን የሚል ሐሳብ አቀረቡና ምክር ቤቱ ተወያየበት። ካሌዶን ላይ ባለው የማሴሩ ድልድይ ፓስፖርቱን ይዞ የሚሰለፈው ሰው ሁለቱንም ሰምቷል፤ በዓል ሲደርስ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከማዶ የሚመለሱት ከሻንጣቸው በላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ብርድ ልብስ ይዘው ይገባሉ።